የሲ-ዋን ተማሪ ነኝ፤ ለሬዚደንሲ ከአሁኑ ምን ላዘጋጅ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። ደሴ የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ሲ-ዋንን፣ ማለትም የመጀመሪያውን የዋርድ ዓመት፣ ልጨርስ ሁለት ወር ቀርቶኛል። አሜሪካ ሄጄ በውስጥ ደዌ ስፔሻላይዝ ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ካልሆነም እዚሁ። ከባቻችን አምስት ስድስት ልጆች ከዋርድ እየቀሩ ዶርም ውስጥ የአሜሪካውን ፈተና መለማመጃ ጥያቄ ሲሠሩ ይውላሉ። ‹አንተ ገና የታካሚ ሂስትሪ ትወስዳለህ?› እያሉ ይስቁብኛል። ምርምር የለኝም፤ የማውቀው የውጭ ሐኪምም የለም። አባቴ ከኮምቦልቻ ሎጊያ በራሱ አይሱዙ ጭነት ያመላልሳል፤ ለፈተናው ክፍያ መኪናውን እሸጣለሁ እያለ ነው። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ከአባትህ መኪና ልነሳ ብዬ ነበር፤ ሳነበው ደንገጥ ብያለሁ። ነገር ግን መኪናው ይሸጥ አይሸጥ የሚለው ሌላው ሁሉ ከተነገረ በኋላ የሚመለስ ስለሆነ ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ።

በቅድሚያ የምትመክርህ ማን እንደሆነች እወቅና ምክሩን በዚያ ልክ መዝነው። ያደግኩት ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ኤምዲዬን እዚሁ አገር ይዤ ሁለት ዓመት ተኩል ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ሆኜ ሠራሁ። ለአሜሪካ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና) ሁለት ጊዜ አመልክቼ የመጀመሪያው ከሸፈ፣ ሁለተኛው ሰመረ። የውስጥ ደዌን ሦስት ዓመት ጨርሼ አራተኛውን በቺፍ ሬዚደንትነት (በሠልጣኞች አለቃነት) ስቆይ፣ የአመልካቾችን ፋይል ከሚያነቡት ሰዎች ጎን ወንበር ነበረኝ። ዛሬ ደሴ ተመልሼ ጠዋት ጠዋት ራውንድ እመራለሁ። በጥያቄ አሠራር ጓደኞችህ ሊበልጡኝ ይችላሉ። ፋይል ተከፍቶ ሲነበብ ሰዎች ምን እንደሚሉ ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጓደኞችህ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ፈተናው ወንፊት ነው፤ በወንፊቱ ያላለፈ ፋይል አይከፈትም። በውጭ አገር ተመርቆ አሜሪካ ሬዚደንሲ የሚገባ ሰው ኢሲኤፍኤምጂ ከሚባለው አካል የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። ለዚያም ስቴፕ ዋንና ስቴፕ ቱ ሲኬ የሚባሉት ፈተናዎች ይታለፋሉ፤ ኦኢቲ የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና የሕክምናው ዘርፍ ይጨመራል፤ ዲፕሎማና ትራንስክሪፕትህ ከተማርክበት ተቋም በቀጥታ ይረጋገጣል። ከሁሉም በፊት ግን ተቋምህ በዓለም አቀፉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ውስጥ መኖሩን፣ ከስሙ ሥርም ተማሪዎቹ ለኢሲኤፍኤምጂ ማመልከት እንደሚችሉ የሚገልጸው ማስታወሻ ለአንተ የምረቃ ዓመት መጻፉን ተመልከት። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ዓመት ሙሉ አጥንቶ ይህን ያላየ ሰው ግን አውቃለሁ።

ግማሹ ስህተታቸው እዚህ ላይ ነው። ስቴፕ ዋን በፈረንጆች ከጥር 2022 ጀምሮ ቁጥር የለውም፤ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ነው። ቁጥር የቀረው ስቴፕ ቱ ሲኬ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ የዋርድ ፈተና ነው። የስልሳ ዓመት ሴት ትንፋሽ አጥሯት መጣች፣ እግሯ አብጧል፣ ቀጥሎ ምን ታደርጋለህ ይልሃል። ይህችን ሴት አንድ ሌሊት ዲዩቲ ላይ ያደረ ልጅና በስልክ ስክሪን ብቻ ያያት ልጅ እኩል አይመልሱም። ድሮ ታማሚ መስለው ከሚተውኑ ሰዎች ጋር ይሰጥ የነበረው ስቴፕ ቱ ሲኤስ በፈረንጆች 2021 ቀርቶ በምትኩ ፓዝዌይ የሚባሉ መንገዶች መጥተዋል። ከእነዚያ አንዱ ፈቃድ ያላቸው ሐኪሞች እውነተኛ ታካሚ ስትመረምር ቆመው እያዩ ነጥብ የሚሰጡበት ነው። ዶርም የሚውለውን ልጅ ማን አይቶት ነጥብ ይሰጠዋል?

ስለዚህ ጥያቄ ሥራ፤ ዋርድህን ግን ለጥያቄ አትሽጥ። ጠዋት ያየኸው ታካሚ የማታ ርዕስህ ይሁን። የልብ ድካም አይተህ ከሆነ ማታ ሃያ የልብ ጥያቄ ትሠራለህ፣ መብራት ካለ። ሁለት ነገር ደግሞ በደንብ ያዝ። አንደኛ፣ ያለፍከውን ፈተና ነጥብ ለማሻሻል ብለህ መድገም አይፈቀድም፤ የወደቅክበትም ከመዝገብህ አይፋቅም። ለአንድ ፈተና ያለህ ዕድል በጠቅላላ አራት ነው። «ልሞክረውና ልየው» የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ፈተናዎቹ በሰባት ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው፤ ገና ፒሲ ሳሉ፣ ዋርድ ሳይገቡ የሚጣደፉ ልጆች ይህን ቢያስቡት ጥሩ ነው።

ስለ ቴሌግራም ቡድኖችም በአጭሩ፦ «የቅርብ ጊዜ ሪኮል አለ» እያሉ የተፈታኞችን ጥያቄ የሚሸጡ ቡድኖች ውስጥ ካለህ ዛሬ ውጣ። በፈረንጆች 2024 መጀመሪያ ላይ ከኔፓል ጋር የተያያዙ የብዙ ተፈታኞች ውጤት ጥያቄዎቹ አስቀድመው ወጥተዋል በሚል ተሰርዞ እንደገና እንዲፈተኑ ተጠይቀዋል። ከእነሱ መካከል በላቡ ያለፈ ሰው አይጠፋም። ከዚህ አካባቢ የምንፈተነው በጣት የምንቆጠር ነን፤ አንድ ሰው የሚያበላሸው ስም የሁላችንም ይሆናል።

አሁን ወደ ደብዳቤው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያ ማመልከቻዬ የወደቀበት ጉድጓድ ነው።

ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ነበረኝ፤ ሦስቱም ከሚወዱኝ መምህራን። «ጠንካራ፣ ታታሪ፣ በሥነ ምግባሯ የተመሰገነች፣ የተሰጣትን ኃላፊነት በአግባቡ የምትወጣ» ይላሉ። ከሥር ፊርማ፣ ቲተር፣ ክብ ሐምራዊ ማኅተም። እኛ አገር ወረቀትን ወረቀት የሚያደርገው ማኅተሙ ነው፤ ያላረፈበትን ቀበሌም አይቀበልህም። እኔም ማኅተሙ ደብዘዝ ያለበትን አንዱን ደብዳቤ ይዤ በዝናብ ተመልሼ እንደገና አስመትቻለሁ። ከዓመታት በኋላ የሌሎችን ደብዳቤ ከሚያነቡት ጎን ስቀመጥ ማኅተም ያየ ሰው አላየሁም። ዓይናቸው የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ይህ ጸሐፊ ልጁን በአንድ ታካሚ አልጋ አጠገብ አይቶታል? «ታታሪ» የሚለው ቃል መቶ ፋይል ላይ ስላለ የማንም አይደለም። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ሳይደናገጥ ከሕፃናት ዋርድ ሲሊንደር አስመጥቶ፣ ጠዋት ሞርኒንግ በሚባለው የሐኪሞች ስብሰባ ላይ የራሱን መዘግየት ሳይደብቅ ተናገረ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ስብሰባው ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል።

ጥፋቱ የመምህራኑ አልነበረም። የሚጽፉት ነገር አልሰጠኋቸውም። እንደ ሰው ሁሉ ራውንዱን ከኋላ ቆሜ፣ የፊተኞቹን ትከሻ እያየሁ ነው የጨረስኩት። ጨዋ ልጅ አይጋፋም፣ ካልጠየቁት አይናገርም ተብለን ነው ያደግነው። ይህ ጨዋነት ለለቅሶ ቤት ደግ ነው፤ ዋርድ ላይ ግን ሲኒየሩ (የሚያስተምርህ አንጋፋ ሐኪም) ስምህን ሳያውቅ አታችመንቱ (በዚያ ክፍል የተመደብክበት ጊዜ) ያልቃል።

እንዲህ አድርግ። የሲ-ቱ አታችመንት ሲጀመር አንድ ሲኒየር ምረጥ፤ ታዋቂውን ወይም የምትፈራውን አትምረጥ፣ ታካሚ አጠገብ የሚቆየውን ምረጥ። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጠጋ ብለህ «ዶክተር፣ አንድ ታካሚ ስመረምር ቆመው ይዩኝና ያርሙኝ» በል። ብዙ ተማሪ ይህን መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል። እኔ ዘንድ በዓመት ሁለት ሦስት ልጅ ቢመጣ ነው፤ የመጡትን አንዳቸውንም አልረሳሁም። ያረሙህን በሚቀጥለው ሳምንት አስተካክለህ አሳይ። አታችመንቱ ሲያልቅ የያዝካቸውን ታካሚዎች፣ የታረምክበትንና ያሻሻልከውን በአንድ ገጽ ጽፈህ ስጣቸው፤ ይህ ከሁለት ዓመት በኋላ ደብዳቤ ሲጽፉ የሚያስታውሳቸው ነው። ደብዳቤውን ራሱን ግን አንተ አትጽፈው። «ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሥራ በዝቶበት ነው፣ በክፋት አይደለም። ሆኖም አመልካቹ ራሱ የጻፈው ደብዳቤ አንባቢው ፊት ያሳብቃል፤ ሦስቱም በአንድ ሰው እንግሊዝኛ ይመጣሉና። ለአንድ ፕሮግራም እስከ አራት ደብዳቤ ይላካል፤ የሚጭነውም ጸሐፊው ራሱ ነው። አመልካቹ «አላየውም» ብሎ መብቱን ቢተው ደብዳቤው የበለጠ ይታመናል።

ከዚህ ሌላ ከዲን ቢሮ የሚወጣ የተማሪ አፈጻጸም ደብዳቤ አለ። በየአታችመንቱ ምን እንደሠራህ የሚዘረዝር ነው። እኛ ዘንድ የተለመደ ወረቀት ስላልሆነ ናሙና ይዘህ ቀድመህ ሂድ፤ በምረቃ ሰሞን ዲን ቢሮ የሚጠብቀውን ሰልፍ ታውቀዋለህ።

ዋርድ ግባ ስልህ ግን መቆሙን ብቻ አይደለም። ደብተር ያዝ። ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀበሌ አይጻፍበት፤ የታካሚው ገመና የአንተ ማመልከቻ ማድመቂያ አይደለም። ዕድሜውን በግምት፣ ምን ይዞት እንደመጣ፣ አንተ ምን ነው ብለህ እንዳሰብክ፣ ምን ሆኖ እንደተገኘና የት እንደሳትክ ጻፍ። አራተኛውና አምስተኛው ዓምድ ከሁሉ ይበልጣሉ።

ምሳሌ ከራሴ። ጂፒ ሳለሁ ከደጋ የመጣ ወጣት አየሁ፤ ከወር በላይ ትኩሳት፣ ከሲታ፣ ሆዱ ነፋ ያለ። ስፕሊኑ (ጣፊያው) እንብርቱ ደርሷል። ነጭ ደሙም ቀይ ደሙም ፕሌትሌቱም ወርዷል። እኔ ታይፎይድና ወባ ስል፣ ቲቢ ስል ሁለት ቀን ባከንኩ። በሦስተኛው ቀን መድኃኒት የምትሰጠው አንጋፋ ነርስ አልፋ ስትሄድ «የት ከርመህ ነው የመጣኸው?» አለችው። መተማ፣ ለሰሊጥ አጨዳ። ካላዛር የሚባለው የቆላ በሽታ ነበር፤ በጣት ደም የሚሠራው አርኬ-39 የተባለ ምርመራ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ነገረን። ከኛ አገር ደጋ ለቀን ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ወጣት ስንት እንደሆነ እያየሁ ያደግኩ ሰው ሆኜ «የት ነበርክ?» አላልኩም። በሁለተኛው ሙከራዬ ቃለ መጠይቅ ላይ «የተሳሳትሽበትን ታካሚ ንገሪኝ» ሲሉኝ ደብተሬ ውስጥ ያለውን ይህን ነገርኳቸው። ጠያቂው እስክሪብቶውን አስቀምጦ አዳመጠኝ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ለዚሁ ጥያቄ «ብዙ ጊዜ ስለምጠነቀቅ ይህን ያህል የተሳሳትኩበት የለም» ብዬ ነበር!

የደሴ ዋርድ ለሐኪም ልጅ ሀብታም ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብለሃል፤ በባቲ በኩል ወደ አፋር ስትቀጥል ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የደላንታ ሰው የሩማቲክ ልብ ይዞ፣ ጎኑ የቆላ ሰው ከባድ ወባ ይዞ ተኝተው ታገኛለህ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ፤ በሥጋ ደዌና በዓይን ሕክምና የቆየ ስም ያለው ሆስፒታል ነው። አሜሪካ አብረውኝ የሠለጠኑት ልጆች የጠበበ የልብ ማይትራል ቫልቭ ድምፅ የሚሰሙት ከቅጂ ነበር። አንተ በሳምንት ሦስት ጊዜ በጆሮህ ትሰማለህ፤ ከዚያ ዶርም ገብተህ በጆሮ ማዳመጫ ልትሰማው ነው?

ቃለ መጠይቁን ካነሳሁ አይቀር፦ «እኛ» ማለት አብዝተን ነው የምንናገረው። «ታካሚውን ተቀበልን፣ ፈሳሽ ጀመርን፣ ደም አስመጣን።» ጠያቂው በትሕትና «አንቺስ ምን አደረግሽ?» አለኝ። ራስን ማወደስ ነውር ሆኖብን ነው። ነገር ግን «ደም ባንክ ሄጄ ሁለት ከረጢት ያመጣሁት እኔ ነኝ» ማለት ውዳሴ ሳይሆን መረጃ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚባለው አለ፤ አንድ ቀን ቆሞ ያየውን ክትባት ዘመቻ «መራሁ» ብሎ የሚጽፍ። ማመልከቻው እስከ አሥር ልምድ ያስዘረዝርሃል፤ አሥሩን መሙላት ግዴታ አይደለም። አምስት እውነተኛ ይበቃል፤ የጻፍከውን ሁሉ ይጠይቁሃል።

ስምህን አሁን፣ ተማሪ ሳለህ አስተካክል። ይህን የምለው ቀልዴን አይደለም። ሰዒድ የሚባል ተማሪ አለ እንበል። የስምንተኛ ክፍል ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ኤስ-ኢ-አይ-ዲ ተብሎ ተጽፏል፣ ዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ ኤስ-ኤ-አይ-ዲ፤ አባቱ መሐመድ አንዱ ላይ በአንድ ኤም ሌላው ላይ በሁለት። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ሰነድ ለሚያመሳክር ሰው ሁለት ሰው ነው። የአያትህን ስም ፓስፖርትህ እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶት ትራንስክሪፕትህ ላይ ግን ጨርሶ ከሌለም ሌላ ጣጣ ነው። ፓስፖርቱን አስቀድመህ አውጣ፤ ከዚያ ሬጂስትራር ያለውን ስም ከእሱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያይ። ከተለያየ ተማሪ ሆነህ በማመልከቻና በማስረጃ ይስተካከላል። ተመርቀህ ዲፕሎማ ከታተመ በኋላ ግን ስንት ቢሮ እንደሚያዞርህ አትጠይቀኝ። ሁሉም የፈተና ምዝገባህ እንደ ፓስፖርቱ ይሁን።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ። በ2018 ዓ.ም. የተመረቀ ልጅ ወረቀቱ ላይ ዝም ብሎ 2018 ተብሎ ከተጻፈ አሜሪካዊው አንባቢ ስምንት ዓመት ያረጀ ምሩቅ ያደርገዋል። ብዙ ፕሮግራሞች ደግሞ ከተመረቀ ዓመታት ያለፉትን አመልካች ገፋ ያደርጋሉ። የእንግሊዝኛው ትራንስክሪፕት በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ በግልጽ ይናገር። ክፍተት ካለብህም አትሸፋፍን፤ በ2012 በኮሮና ትምህርት ተዘግቷል፣ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ሆስፒታሉም ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፈዋል። በእነዚያ ዓመታት ለዘገየ ተማሪ ሁለት መስመር ማብራሪያ ይበቃል፤ ሳይብራራ የቀረ ክፍተት ነው ወደ መጥፎ የሚተረጎመው።

የውጭ ሐኪም አላውቅም ያልከው እውነት ነው፣ እንቅፋትም ነው። በአሜሪካ ሆስፒታል ታካሚ እየነኩ የሚሠሩበት ኢሌክቲቭ በአብዛኛው የሚፈቀደው ላልተመረቀ ተማሪ ነው፤ ከተመረቅክ በኋላ የሚቀርልህ ቆሞ ማየት ነው። በእኛ ሥርዓት ኢንተርንሺፕ የኤምዲው አካል ስለሆነ እስከዚያ ተማሪ ነህ፤ ዕድሉ ካለ ያኔ ነው። ቪዛ፣ ማረፊያና ክፍያ አለውና ሁሉም ሰው አይችለውም። እኔ አልቻልኩም፤ ተመርቄ ነው ለአንድ ወር ቆሜ ያየሁት። ስለዚህ የአገር ቤት ደብዳቤዎቼ ከሌላው ሰው በላይ መናገር ነበረባቸው፤ ያንተም እንደዚያው።

ምርምር? ባይኖርህ አትሞትም። ካደረግክ ግን ስምህ አሥረኛ ሆኖ ከገባበት ወረቀት ይልቅ ራስህ የጠየቅከው ትንሽ ጥያቄ ይሻላል። ለምሳሌ የሩማቲክ ልብ ታካሚዎች በየሦስት አራት ሳምንቱ የሚወጉትን ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ባለፈው ዓመት ስንቶቹ ሳያቋርጡ ወሰዱ? ያቋረጡትስ መድኃኒቱ ጠፍቶ ነው፣ መንገድ ርቆ ነው፣ መርፌው አሟቸው ነው? ከክትትል ክሊኒኩ መዝገብ ይሠራል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አውጣ፣ አንድ ሲኒየር ይዘህ ግባ። ገንዘብ ተቀብሎ በሳምንት የሚያትም መጽሔት ኢሜይል ይልክልሃል፤ ሰርዘው።

«ካልሆነም እዚሁ» ያልከውን ወድጄዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። የአገር ውስጡ መንገድ የተረፈ ሰው የሚሄድበት አይደለም፤ እኔን ያስተማሩኝ ሁሉ በእሱ ያለፉ ናቸው። እዚህ ደብዳቤህን አጥብቆ የሚያነብ የለም። ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና አለ፣ የትምህርት ዘርፍና ተቋም በቅደም ተከተል ትመርጣለህ፣ ውጤትህ ይመድብሃል። ከዚያ ስፖንሰር የሚባለው ይመጣል፤ ያስተማረህ አካል ስትጨርስ አገልግሎት ይጠብቅብሃል፣ ውሉን ሳትፈርም አንብበው። የውስጥ ደዌና ሕፃናት ሦስት ዓመት ናቸው፤ ቀዶ ሕክምናና ማህፀንና ጽንስ አራት፤ ነርቭ ቀዶ ሕክምና አምስት። ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስ፣ ጎንደር፣ ጅማ እያሉ የሚያወዳድሩ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከተማውን ነው የሚያወዳድሩት። እዚያ ያለ ሬዚደንት ፈልገህ «ፕሮሲጀር ስትሠራ ማን ከጎንህ ይቆማል?» ብለህ ጠይቅ። ደብተሩና የማታው ጥያቄ ለዚህኛው ፈተናም ያው ናቸው፤ ሁለት ዝግጅት የለብህም።

የአሜሪካው ምደባ ማች ይባላል፤ በፈረንጆች ከ1952 ጀምሮ ያለ ነው። መስከረም ላይ ማመልከቻ ይገባል፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ቃለ መጠይቅ አለ፣ አንተ ፕሮግራሞቹን እነሱ አንተን በደረጃ ትጽፋላችሁ፣ በመጋቢታቸው ሦስተኛ ዓርብ ውጤቱ ይነገራል። ስሌቱ ለአመልካቹ የሚያደላ ስለሆነ «የሚቀበለኝ የትኛው ነው» ብለህ አትገምት፤ የምትፈልገውን በምትፈልገው ቅደም ተከተል ጻፍ። ከአሜሪካ ውጭ ተምረው ዜግነቱም ከሌላቸው አመልካቾች መካከል በፈረንጆች 2024 ቦታ ያገኙት ከመቶ 58 ገደማ ናቸው። ስንፈተን እኩል ብንሆንም ከመቶ አርባ ያህሉ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ ማለት ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ ከአርባዎቹ ነበርኩ።

የቪዛው ነገር። ብዙዎቻችን የምንገባው በጄ-ዋን ነው። ለእሱ የአገራችን ጤና ሚኒስቴር «ይህ ሙያ ያስፈልገናል» የሚል ደብዳቤ ይጽፍልሃል፤ አንተም ስትጨርስ ለሁለት ዓመት ትመለሳለህ። ሐኪም ባነሰበት አካባቢ ሦስት ዓመት ሠርቶ ግዴታውን የሚያስነሳም አለ፤ በየግዛቱ በዓመት 30 ቦታ ነው። እኔ ያንን አልጠየቅኩም። ምክንያቴ ብዙ ነው፤ አንዱ እናቴ ናት።

እንግዲህ መኪናው።

ስቴፕ ዋንና ስቴፕ ቱ እያንዳንዳቸው ከ1,000 ዶላር በላይ ናቸው። ኦኢቲ፣ የሰነድ ማረጋገጫና የማመልከቻው ክፍያ ይጨመራሉ፤ ማመልከቻው በፕሮግራሙ ብዛት ስለሚከፈል እጅ ካልያዙት ይበላል። የብር ምንዛሪ በ2016 ሐምሌ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ለአንድ ሾፌር ቤተሰብ ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። የሚያጽናናው፣ ቃለ መጠይቁ በፈረንጆች ከ2020 ወዲህ በአብዛኛው በቪዲዮ ስለሆነ የአውሮፕላን ወጪው ቀርቷል፤ ሌላው ክፍያም በአንድ ቀን አይመጣም። መኪናው ዛሬ ቢሸጥ ገንዘቡ ከመጀመሪያው ፈተና በፊት ቤት ውስጥ ያልቃል፤ አባትህም ገቢውን ያጣል፤ አንተም «የአባቴን መኪና በልቼ» እያልክ ሳትዘጋጅ ትፈተናለህ። እንዲህ ዓይነት ፍርሃት ይዞ የገባ ልጅ ሲወድቅ አይቻለሁ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ሲ-ቱ ሙሉ ዓመት ዋርድና ደብተር። ስቴፕ ዋን ከሲ-ቱ በኋላ፣ የመለማመጃ ፈተናዎችህ ደጋግመው በሰፊው ሲያልፉ እንጂ አንዴ ስላለፉ አይደለም፤ የእሱን ክፍያ እስከዚያ በየወሩ ማጠራቀም ትችላላችሁ። ስቴፕ ቱ የኢንተርንሺፕ መጨረሻ ላይ፣ ዋርዱ ገና ከእጅህ ሳይደርቅ። ማመልከቻው ደሞዝ ካገኘህ በኋላ። አንድ ሁለት ዓመት ቢዘገይ ጂፒነት የባከነ ጊዜ አይደለም፤ ካላዛሩን ያየሁት ያኔ ነው።

ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝና መኪናው ሎጊያ ይመላለስ በላቸው። በዚህ ዓመት ከእሳቸው የምትፈልገው የፓስፖርት ክፍያና አንድ ወፍራም ደብተር ነው።